ከምሰሶ ጋር የተሰፋው ብርድ ልብስ

ባለፈው ወር ለሥራ ጉዳይ ቦንጋ ሄጄ ነበር። ከመናኸሪያው ወጥቼ ሽቅብ ስራመድ አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳው ላይ እርጥብ ሱሪ በከሰል ካውያ ሲተኩስ እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። የረጠበ ጨርቅ፣ የጋለ ብረት፣ ትንሽ የከሰል ጭስ፣ ትንሽ ደግሞ ሊያር ጥቂት የቀረው ክር ይሸታል። ሳላስበው ቆምኩ። «ምን ፈለግሽ እህቴ?» አለኝ። ምን ልበለው? የዘጠኝ ዓመት ልጅነቴን ነው ብለው ካውያውን ይዞ ያባርረኝ ነበር። «ሱሪ ታሳጥራለህ?» አልኩት። የለበስኩት ቀሚስ ነበር።

የቦንጋ ክረምት ልብስ አያደርቅም። ዝናቡ ልክ ዘመድ ሊጠይቅ እንደመጣ ሰው ነው፤ ዛሬ ይሄዳል ነገ ይሄዳል ስትሉ ከርሞ ያርፋል። የታጠበ ሁሉ የሚደርቀው በካውያ ስለሆነ ያ ሽታ በዚያ ክረምት ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም። ቤታችን ስል የእትዬ አስካለን ቤት ማለቴ ነው። እትዬ አስካለ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እኛ የምንኖረው ደካ ነበር። እናቴ የመውለጃዋ ጊዜ ሲቃረብ ሆስፒታል አጠገብ እንድትሆን ብላ እኔን አስከትላ ቦንጋ እህቷ ዘንድ መጣች። አባቴ ሥራ ስላለው እዚያው ደካ ቀረ።

እትዬ አስካለ የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ቤቷንም የምታስተዳድረው እንደ መሥሪያ ቤቷ ነው። ሽሮ ሲያልቅ «በጀት ተዘግቷል» ትላለች። ጎረቤት ቡና ጠጪ ብሎ ሲጠራት «ፕሮግራሜን ልየው» ትላለች። እኔ ፊቴን ሳልታጠብ ከተገኘሁ ደግሞ «የአፈጻጸም ክፍተት» ይባልብኛል። ባል አግብታ ፈትታለች፤ ልጅ አልወለደችም። ይህን ማንም አያነሳባትም፣ እሷም አታነሳም። ብቻ ሕፃን ያዘለች ሴት መንገድ ላይ ካገኘች ሰላምታውን ታስረዝመዋለች፤ ሕፃኑ እስኪነቃ ድረስ ታስረዝመዋለች።

ገና ደጃፏ እንደደረስን የእናቴን ሆድ ከፊትም ከጎንም አየችና ፈረደች።

«ሴት ናት።»

«በምን አወቅሽ እትዬ?» አለች እናቴ ጫማዋን ለማውለቅ እየታገለች።

«ሆድሽ ወደ ጎን ሰፍቷል። ፊትሽ ላይ ማዲያት ወጥቷል። ማር ካልበላሁ እያልሽ ነው። ከዚህ በላይ ምን መረጃ ይምጣ?»

ሐኪም እንዲያይ ቢነገራትም «ሐኪም የት ያውቀዋል» ብላ ዘጋችው። ምክንያቱ በኋላ ነው የገባኝ። ሴት ከሆነች ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ የምታነሳት ክርስትና እናትም እትዬ አስካለ ትሆናለች። ወንድ ከሆነ ግን በአርባ ቀኑ ነው፤ የሚያነሳውም ወንድ ነው። ስለዚህ እዚያ ሆድ ውስጥ ያለው ሰው ወንድ የመሆን መብት አልነበረውም። እትዬ ለዕለቱ የምትለብሰውን የቀሚስ ጨርቅ ሳይቀር ገዝታ ሳጥን ውስጥ ቆልፋለች፤ ብርቱካንማ መደብ ላይ ነጫጭ አበባ ያለበት። አንዳንድ ማታ አውጥታ ደረቷ ላይ ታደርግና መስታወት ታያለች፤ እኔን ስታይ መልሳ ትቆልፋለች።

ለሕፃኗ ደግሞ ብርድ ልብስ ልትሰፋ ቆርጣ ተነሳች። ከሱቅ የተገዛ አይደለም፤ ከቁርጥራጭ ጨርቅ በገዛ እጇ የተቀጣጠለ። የጎረቤት ሴቶች «ድሪቶ ነው?» ሲሏት እንደ ስድብ ነበር የምትቆጥረው። «ድሪቶ ቀዳዳ የሚደፈንበት ነው። ይሄ ከመጀመሪያው የታቀደ ነው!»

እኔ «ክርስትና እናት» ሲባል ስሰማ የገባኝ ሌላ ነው። አንድ ልጅ መጀመሪያ የወለደችው እናቱ ጋ ይቆይና ቀኑ ሲደርስ ለሁለተኛዋ እናት ይሰጣል ብዬ አሰብኩ። በዚያ ላይ ብርድ ልብሱ ነበር። ያ ሁሉ ድካም በነጻ ሊሆን አይችልም፤ እትዬ ብርድ ልብሱን ስትጨርስ እናቴ ሕፃኗን ትሰጣትና ይለዋወጣሉ ማለት ነው። አላዘንኩም። እንዲያውም ደስ አለኝ። እናቴ ከእኔ ሌላ ልጅ ምን ያደርግላታል? ለዚያ ብርድ ልብስ ማለቅ እንደኔ የተጋ ሰው ቦንጋ ውስጥ አልነበረም። መርፌ ላይ ክር እሰካለሁ፣ የተቋጠረውን እፈታለሁ፣ እትዬ ከሥራ ስትመጣ ሻይ ሳትጠጣ ጨርቁን እጇ ላይ አኖርላታለሁ። «ይቺ ልጅ ምን ዓይነት እህት ወዳድ ናት!» ይሉ ነበር ጎረቤቶቹ፤ እኔም ሌላ ክር እሰካለሁ።

ቁርጥራጩ የመጣው ከጋሽ ገብሬ ነው። ጋሽ ገብሬ የማንኪራ ሰው ናቸው፤ ከአጥራችን ቀጥሎ ባለው ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ይሰፋሉ። ከንፈራቸው መሐል ሁልጊዜ ስፒል አለ፤ ሰው ሲቆጡ ብቻ ያወጡታል። ለደንበኛ ሁሉ የሚሏት አንዲት ቃል ነበረቻቸው፤ «ጨርቁ ልክ ነው የደረሰው፤ ምንም አልተረፈም።» የሚገርመው፣ ከመኪናቸው ሥር ያለው ማዳበሪያ በዚህ ምንም ባልተረፈ ጨርቅ ጢም ብሎ የሞላ ነበር።

ማዳበሪያውን እንዳለ ለእትዬ ሰጧት። «አንድ ነገር ብቻ እትዬ አስካለ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ሰው በሚያልፍበት እንዳያሰጡት።» ፀሐይ ቀለሙን እንዳያስለቅቀው የሰጉ መሰለኝ። የትኛው ፀሐይ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

የመሐሉ ጨርቅ ተቀጣጥሎ፣ ገበሩ ገብቶለት፣ ጠርዙ ብቻ ሲቀር እናቴ ሆስፒታል ገባች። አብራት የነበረችው ጎረቤታችን የምሥራቹን ይዛ ስትመጣ ገና ከአጥሩ በር እልልታዋን ለቀቀችው። ለሴት ሦስት፣ ለወንድ ሰባት ነው። እትዬ ማማሰያዋን ይዛ ገንፎው ላይ ቆማ ነበር። አንድ። ሁለት። ሦስት። እትዬ ፊቷ በርቶ «አላልኩም!» አለች። አራተኛው መጣ።

ማማሰያው እንደተያዘ ቀረ። አምስተኛውም ስድስተኛውም መጡ፤ ገንፎው ከሥሩ አረረ። ሰባተኛው ላይ ጎረቤታችን እየሳቀች ገባችና እትዬን አቀፈቻት።

እትዬ ሆስፒታል ሄዳ እናቴን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻት፤ ሕፃኑን ሳመች፤ የምትለው ሁሉ የተለመደው ነበር። ማታ ግን የእንጨት ማስቀመጫው ጋ ሄዳ ስታለቅስ አየኋት። ጠጋ ብዬ «ብርድ ልብሱስ?» አልኳት። አፍንጫዋን ጠረገችና «ሥራው ተቋርጧል» አለች።

ይህ ለእኔ ከባድ አደጋ ነበር። ብርድ ልብሱ ካላለቀ ልውውጡ የለም፤ ልውውጡ ከሌለ ሕፃኑ እኛ ጋ ቀረ ማለት ነው። በማግስቱ ዝናቡን ሰንጥቄ ጋሽ ገብሬ ጋ ሮጥኩ።

«ብርድ ልብሱን አስጨርሷት።»

«ምን ቸኮልሽ አንቺ?»

«እሱ ካላለቀ ሕፃኑ አይሄድም!»

ምን እንደገባቸው አላውቅም። ስፒሉን ከከንፈራቸው አውጥተው ኮታቸው ላይ ሰኩት፤ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ቤታችን መጡና በሩ ላይ እንደቆሙ እትዬን «ወንድ ልጅ አይበርደውም እንዴ?» አሏት። እትዬ የተጠቀለለውን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣችው።

ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ የጠርዙ ጦርነት የተጀመረው። ጋሽ ገብሬ ጠርዙን «መቀነት» ነበር የሚሉት፤ አራስ መቀነት ታጥቃ ወገቧን እንደምታጸና ብርድ ልብስም ዙሪያውን ካልታጠቀ ይዘረዘራል ይላሉ። ለመቀነቱ ከሱቁ የመጨረሻዋን አረንጓዴ ጨርቅ ገዝተው፣ በሰያፍ ቀደው፣ ቀጣጥለው ረጅም አደረጉት። ዙሪያውን በመኪና መስፋቱ ምንም ክርክር አልነበረበትም። ችግሩ ዞሮ ዞሮ መጀመሪያና መጨረሻው ሲገናኙ ነው።

«አንዱን ጫፍ አጥፍና ሌላውን እንደ ኪስ ውስጡ እከታለሁ፤ በእጅ እቀመቅመዋለሁ። አለቀ» ትላለች እትዬ።

«እብጠት ይሆናል እትዬ። ያ ሁሉ ጨርቅ አንድ ቦታ ይከማቻል። በሰያፍ ከተጋጠመ ግን ውፍረቱ ይካፈላል፤ ጣት አያገኘውም።»

«ቀጥ ያለ ነገር እያለ ሰያፍ ምን አመጣው?»

ጋሽ ገብሬ በትዕግሥት ያሳዩን ነበር። ሲጀምሩ ሁለት ስንዝር ያህል ሳይሰፉ ይለቃሉ፤ ሲጨርሱም እንዲሁ። ከዚያ አንዱን ጫፍ በሌላው ላይ ያስተኛሉ፤ በሳሙና ስባሪ ያሰምራሉ። «አሁን እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሳሳተው» ይላሉ፤ «ጫፍና ጫፍ በተገናኙበት አይቆረጥም። የመቀነቱን ወርድ ያህል ይደራረብ። ስፌት ይበላል፤ የሚበላው ካላስቀመጥክለት ከሥጋው ይበላል።»

እትዬ ይህ አልዋጥልሽ አላት። «ልክ ከሆነ ልክ ነው! ትርፍ ለምን? ትርፍ እኮ ነው አገር የሚያጠፋው።» ይህን ስትል ማዳበሪያውን በዓይኗ ጠቆም ታደርጋለች። ጋሽ ገብሬም ስፒላቸውን ወደ አፋቸው ይመልሳሉ።

ክርስትናው ሲቃረብ አንድ የገበያ ቀን መገጣጠሚያው ላይ ደረሱ። ዝናብ ይዘንባል፤ በረንዳው ላይ ከእኛ በቀር ሰው የለም። ብርድ ልብሱ ከባድ ነው፤ በረንዳው ጭቃ ነው። ጋሽ ገብሬ ጭቃ እንዳይነካው ብለው በረንዳውን ከያዘው የባሕር ዛፍ ምሰሶ ኋላ አዙረው አግዳሚው ላይ ቆለሉት። የመቀነቱ አንደኛው ጫፍ በምሰሶው ግራ፣ ሌላው በቀኝ መጣላቸው። አሰመሩ፣ አደራረቡ፣ ቆረጡ፣ በስፒል ያዙ። ይህቺን ቦታ ብቻ በእጅ ነው ብለው ዓይን በማታየው ስፌት በሰያፍ ገጠሟት። በጥፍራቸው ተጫኗት፤ ካውያ አሳረፉባት። እውነት ለመናገር ውብ ነበረች። «ይኸው እትዬ አስካለ! ጣትዎ ካገኘው እኔ ልብስ ሰፊ አይደለሁም» አሉና የመጨረሻውን ስፌት በመኪና ሊሰፉ ብርድ ልብሱን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

አልመጣም። እንደገና ሳቡት። በረንዳው ሲጥ አለ።

እትዬ ናት ቀድማ ያየችው። «ጋሽ ገብሬ» አለች ቀስ ብላ፣ «መቀነቱን ያስታጠቁት ምሰሶውንም ጭምር ነው።»

ዞረው አዩት። የሱቁ በረንዳና የሕፃኑ ብርድ ልብስ አንድ ሆነው ተሰፍተዋል። በዚሁ ሰዓት ዝናቡ ጠና፤ ገበያተኛው ሁሉ እየሮጠ በረንዳው ሥር ተጠለለ። ብርድ ልብሱ የሚሸሸግበት ቦታ የለም፤ ወገቡን ታስሮ ተዘርግቶ ቆሟል። የሚያዩት ሌላ ነገር ያልነበራቸው ሰዎችም እሱን ማየት ጀመሩ።

«ይሄ የኔ ጉርድ አይደለም?» አለች አንዲት የሺሺንዳ ነጋዴ።

ሁሉም ጠጋ አሉ። «ይቺማ የኔ ሸሚዝ ናት! ጨርቁ አነሰ ብለው እጅጌውን ያሳጠሩብኝ!» አለ አንድ ሰውዬ፤ እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ በእርግጥ እጅጌው ክርኑ ጋ ቀርቷል። አንዲት አስተማሪ የልጇን ዩኒፎርም አገኘች። አንድ ሽማግሌ የሱሪያቸውን ጨርቅ ሁለት ቦታ አገኙት፤ ኪሴ ጠበበኝ ሲሉ የኖሩት ሰው ነበሩ። የቦንጋ ሕዝብ እጅጌ ለምን እንደሚያጥር ያን ቀን ታወቀ። ጋሽ ገብሬ ስፒሉን እንዳይውጡት ፈራሁላቸው።

እሳቸው ግን ስፒሉን አወጡና ደረታቸውን ነፉ። «ሸጥኩት? ወሰድኩት? ይኸው፣ ሁላችሁም አንድ ላይ ናችሁ። አራስ ቤት ለተኛ ሕፃን ሳታውቁት ዳዶ ገባችሁ!»

ዳዶ የከፋ ሰው ተሰባስቦ የሚሠራው ደቦ ነው። መጀመሪያ ሽማግሌው ፈገግ አሉ። ቀጥሎ ነጋዴዋ ሳቀች፤ ከዚያ በረንዳው በሙሉ። «እንግዲያማ የኔ ጉርድ መሐል ላይ ይሁን» ስትል ሰዉ ወደ ቀልድ ሄደ። ባለ አጭር እጅጌው ብቻ ትንሽ ቆይቶ ሳቀ።

እትዬ ግን በዚያ ግርግር የሰው ዓይን አንገብግቧት መቀሱን አነሳችና የታሰረውን ቆረጠችው። ብርድ ልብሱ ተፈታ። የምሰሶው ውፍረት ያህል ጨርቅ ተርፎ ተንጠለጠለ። አሁን ጋሽ ገብሬ «ይቆዩ» ሳይሉ በፊት ሁለቱን ጫፎች አገናኝታ ልክ በተነካኩበት ቀጭ አደረገቻቸው። ልክ በልክ። ስፌት የሚበላው ምንም አልቀረም።

ጋሽ ገብሬ ሁለቱን ጫፎች ይዘው ጎተቱ፤ ብርድ ልብሱ ተኮማተረ። የተቆረጠችውን ትራፊ ፈለጉ፤ ጭቃ ውስጥ ወድቃ ተረግጣለች። አረንጓዴው ጨርቅ ደግሞ ሱቁ ውስጥ አልቋል። እትዬ መቀሱን እንደያዘች አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ያን ጊዜ ነው ያሳዘነችኝ። ለራሴ ጉዳይ አልነበረም፤ እሷው ናት ያሳዘነችኝ።

ብዙ አልቆየችም። ተነስታ ወደ ቤት ገባችና የተጣጠፈ ጨርቅ ይዛ ወጣች፤ ብርቱካንማ መደብ ላይ ነጫጭ አበባ።

«ከዚህ ይቁረጡ።»

«የክርስትና ቀሚስዎ ነው እኮ!»

«ወንድ ተወልዶ የምን ቀሚስ? ሁሉንም ይውሰዱት፤ ይቁረጡ።»

ጋሽ ገብሬ ጨርቁን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ከጥጉ በሰያፍ አንዲት ስንዝር ቆረጡ፤ ከዚያ በላይ ክር አልነኩም። ያቺን ቁራጭ ከሁለቱ ጫፍ ጋር ገጠሟት። ከዚያ የቀረውን በደንብ አጣጥፈው ለእትዬ መለሱላት። ልብስ ሰፊ ትራፊ ሲመልስ በዚያ ከተማ የታየው ያኔ ነው።

«ቀሚስ ይወጣዋል» አሉ ቀና ሳይሉ። «አክስትም እኮ ክርስትና ላይ ቀሚስ ትለብሳለች።»

እትዬ ማታ እናቴ አልጋ ጫፍ ተቀምጣ «ክርስትና አባቱ ገብሬ ይሁን» አለች። እናቴ «ትናንት ሌባ ነው ስትዪ አልነበር?» ብትላት «ግምገማው ተሻሽሏል» አለች። ጋሽ ገብሬ ሕፃኑን አነሱት፤ ካህኑ ፊት ሲቆሙ ኮታቸው ላይ የቀረ ስፒል እንዳለ አይታ እትዬ ሮጣ ነቀለችላቸው። ብርቱካንማውን ቀሚስ ለብሳ ነበር፤ እጅጌው ሙሉ ነው።

መስከረም ሊጠባ ጥቂት ሲቀረው እናቴ ወደ ደካ ልትመለስ መናኸሪያ ሄድን። ትኬት ተቆርጧል፣ ሻንጣዎቻችን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ወጥተዋል፣ እትዬና እናቴ ይሳሳማሉ፤ ስለ ሕፃኑ ግን ማንም ምንም አላለም። የረሱት መሰለኝ። ስለዚህ ከእናቴ እቅፍ ከነብርድ ልብሱ ተቀብዬ እትዬ ደረት ላይ አኖርኩት።

«ብርድ ልብሱ አልቋል» አልኳት። «በይ ውሰጂው። እኔና እማዬ እንሂድ።»

«ምንድን ነው የምትለው ይቺ?» አለች እናቴ።

ሁሉንም አስረዳሁ። ልውውጡን፣ ክረምቱን ሙሉ መርፌ የሰካሁበትን ምክንያት፣ ሕፃኑ ወንድ በመሆኑ ዋጋው መቀነስ እንደሌለበት ሁሉ ተናገርኩ። ተሳፋሪው በሳቅ ፈነዳ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እትዬ አስካለ ብቻ አልሳቀችም። ሕፃኑን እንዳቀፈች እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች።

«እሱ የጡት ልጅ ነው፤ አንቺ ጋ ይሁን። ይቺን ተዪልኝ።»

በጀትም ፕሮግራምም የሌለበት ንግግር ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እናቴ እኔንም እትዬንም አየች። አራስነቷም፣ የደካው ቤትም፣ የእህቷ ፊትም ሁሉም በዓይኗ ውስጥ ሲያልፍ ይታይ ነበር። «ትምህርትሽን እዚህ ትማሪያለሽ?» አለችኝ በመጨረሻ። ክረምቱን ሙሉ የታገልኩት ከእሷ ጋር ብቻዬን ለመሄድ ነው። ግን እሺ አልኩ። እናቴን ስለጠላሁ አይደለም። ያን ክረምት ሁሉም ሰው የሚፈልገው ሕፃኑን ነበር፤ አሁን አንድ ሰው ሰው ፊት ቆሞ እኔን ፈለገኝ። ለካ እንዲህ ደስ ይላል አልኩ።

እትዬ ሕፃኑን ለእናቴ መልሳ ረዳቱን ጠራች። ጣሪያው ላይ ሸራውን አልብሶ ገመዱን አጥብቆ ሊወርድ ነበር።

«ያቺን ቀይ ሻንጣ አውርድልኝ።»

«እትዬ፣ እሷ እኮ ከሁሉም ሥር ናት! በላይዋ የቡና ጆንያ አለ፣ ዶሮ አለ። በሌላ ቀን ይላክልዎት።»

ሹፌሩ ጡሩንባውን ነፋ። ዝናቡ ጀመረ። እትዬ አስካለ አንድ እጇን በእኔ ትከሻ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ወደ ጣሪያው አቅንታ፣ መናኸሪያው ሁሉ እስኪሰማ ጮኸች።

«ፍታው አልኩህ! የልጄ ሻንጣ ነው!»